አምስት ዜሮዎች

የባልዲው ክዳን አልከፈት ብሏት ስትታገለው ነው ፍርሃት የገባት። ዙሪያውን ሸረሪት አድርታበታለች። በየሳምንቱ የሚከፈት ክዳን ደግሞ ድር አይይዝም። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሥራዋ ቀላል ነበር። የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኮረብታው አናት ላይ ባልዲ ሰቅሏል፤ ውስጡ ያለው ሽታ የበቆሎ ትል ከእንቁላሏ የሚፈለፈልባትን የእሳት ራት ይስባል። ሰኞ ሰኞ ከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በስልክ መናገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዜሮ ስትጽፍ ኖረች። ትሉ የቆላ ነው፣ ብርድ አይችልም፣ ስንዴም አይነካም ይባል ነበር። ሰፈሩ "ወይዘሮ ዜሮ" የሚል ስም አወጣላት፤ እሷም ስቃ ተቀበለች። ታዲያ ጉልበቷን ሲያማት ጊዜ "ለዜሮ ደግሞ ዳገት ልውጣ?" አለችና ያለፉትን አምስት ሰኞዎች እቤቷ ቁጭ ብላ በዜሮ ሞላቻቸው። ውርጭ ከቀረ ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ ጠዋት ጠዋት ሹራብ መልበስ እንደተወች ግን ልብ አላለችውም።

ክዳኑ ተላቀቀ። ባልዲው እስከ አፉ ግራጫ ክንፍ ነው። ከላይ ያሉት ገና ይንቀሳቀሳሉ።

ወረድ ብሎ ወዳለው የታላቅ ወንድሟ ማሳ ገባችና የአንዱን ስንዴ ያልተፈታ የመሃል ቅጠል በጥፍሯ ፈለቀቀች። ትሉ እዚያው ነበር፣ ጠግቦ የተኛ፣ እንደ ጣቷ የወፈረ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ የቀጠለውም እንዲሁ። ቀና ስትል ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ምንም አልሆነም።

"ወይዘሮ ዜሮ!" አለ ወንድሟ ከድንበሩ ማዶ። "ዛሬም ባዶ ነው አይደል?"

"ጋሼ፣ ስንዴውን ገልጠው አይተውት ያውቃሉ?"

"አንቺ እያለሽ ምን ቤት ነኝ ብዬ? የታች ሰፈሮቹ በየሦስት ቀኑ ጎንበስ ብለው ትል ሲፈልጉ ወገባቸው ተቆረጠ። እኔማ ለጎረቤቶቼም እህቴ የለም ካለች የለም ብያቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። ባለሙያው ነው።

"እትዬ፣ የዚህን ሳምንት ስንት ልበል?"

ትሉ ገና ዛሬ መጣ ብትል ማን ያውቅባታል? ድሩን ራሷ ጠርጋዋለች። ግን ባለሙያው ነግሯታል፤ የሚረጨው መድኃኒት የሚሠራው ትሉ ትንሽ ሳለ ነው፣ ከወፈረ በኋላ አይበግረውም። ዛሬ መጣ ከተባለ ያንኑ መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤት ሁሉ በከንቱ ረጭቶ እፎይ ብሎ ይተኛል።

"ሙሉ ነው" አለች።

የወንድሟ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ሙሉ?" አለ ባለሙያው። "ባለፈው ሰኞ ዜሮ ብለውኝ አልነበረም እንዴ?"

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና ወንድሟም እንዲሰማ የድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

"ያለፉትን አምስት ዜሮዎች ሰርዛቸው" አለች። "አንዱንም ቀን አልከፈትኩትም።"