የአባባ ድምፅ በአዲሱ ኮምፒውተር

አባባ እንጀራቸውን የበሉት በድምፃቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡሶችን መነሻ በድምፅ ማጉያ ይለፍፉ ነበር። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ፊደሉን ከነዘሩ፣ የዘወትር ቃላትንም አንድ በአንድ በገዛ ድምፃቸው ቀረጹ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ይተይባሉ፣ ኮምፒውተሩ በእሳቸው ድምፅ ይናገራል።

ባለፈው ሰሞን ያ ኮምፒውተር ጭስ አወጣና ዝም አለ። ልጃቸው አዲስ ገዛላቸው። ፕሮግራሙ በፍላሽ ተርፎ ነበር፤ አዲሱ ግን አላውቅህም አለው። ወዳጃቸው ደግሞ ካረፈ ቆይቷል። የተጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ አየት አደረገና፣ "ይሄ ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላ ድምፅ ልጫንላችሁ" አለ። ጫነም። አባባ "ደህና ዋልሽ" ብለው ሲተይቡ እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"እንግዳ አለ እንዴ?"

አባባ ኮምፒውተሩን ከደኑት። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ እንኳ መልስ መጻፍ ተዉ።

ነገሩ ምራታቸውን አንገበገባት። የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ናት፤ ካረጀ ፕሮግራም ጋር ግብግብ መግጠም ለምዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ቁጭ አለች። መጀመሪያ አዲሱ ሲስተም ፕሮግራሙን እንደ ድሮው እንዲያስተናግደው አዘዘችው፤ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደጋገመችው፤ ያው ነው። አባባ "ተይው" ለማለት እጃቸውን አወናጨፉ።

"እልኸኛ መሆኔን ልጅዎ አልነገረዎትም?" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "እንግዳውን ብቻውን ካልተቀበለው ከነቤቱ እናስገባዋለን።"

እንዳለችውም አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ጫነች፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ የድሮውን ሲስተም። ስክሪኑ መሃል ትንሽ መስኮት ተከፈተች፤ አባባ የሚያውቁት ሰማያዊ ገጽ መጣ። ፕሮግራሙን አስገባችበት፤ ተነሣ። አባባ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተየቡ።

ድምፅ የለም።

ምራታቸው ተስፋ አልቆረጠችም። የድምፁን ማስተካከያ ከፍታ አንዱን ስትመርጥ፣ ስታጠፋ፣ መልሳ ስታበራ ቆየች። በመጨረሻ ከስፒከሩ ጢን የምትል ድምፅ ወጣች። ሁለቱ ተያዩ። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው ገፋችላቸው።

"ይሞክሩት እስቲ፣ አባባ።"

ጣታቸውን አፍታትተው ቀስ ብለው ተየቡ። ያ ወፍራም የመናኸሪያ ድምፅ ቤቱን ሞላው፦

"እሙዬ።"

"አቤት" አሉ እማማ ከጓዳ፣ ሳያስቡት።

የቧንቧው ውሃ ተዘጋ። እማማ እርጥብ እጃቸውን እንደያዙ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አባባ እንደገና ተየቡ።

"መነጽሬን አየሽልኝ?"

"ግንባርህ ላይ ነው፣ አንተ ሰውዬ" አሉና እዚያው ቆመው እያለቀሱ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ኳስ ለማየት መጣ። ደረጃው ሥር ሲደርስ አባቱ ዳኛው ላይ ስድብ ሲያወርዱ ከላይ ሰማ። ቀሪውን ደረጃ በሩጫ ወጣው።