ከካትራሙ ሥር

የንፍሮው ሳህን ከደብረወርቅ እጅ አምልጦ ድንኳኑ መሃል ወደቀ። ስንዴውና ሽምብራው በለቀስተኛው እግር ሥር ተበተነ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት ሳህን ብትጥል ማንም አይገርመውም። ልጇ ሕሊና ግን ንፍሮውን ልትለቅም ጎንበስ ስትል የእናቷን ፊት አየች። ደብረወርቅ ስታዝን ዓይኗ ይቀላል፣ ስትፈራ ከንፈሯ ይነጣል። አሁን ከንፈሯ ነጥቷል።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ያን ሰውዬ እዪው። ጋቢውን።"

ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ምሰሶውን ተደግፎ፣ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ተቀምጧል። ለቀስተኛው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ፊቱ አድርጎ ለብሷል። እሱ ብቻ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በደኅናው አለባበስ ነው የመጣው። የጋቢው ጫፍ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ በጆንያ ክር ተሰፍታለች።

ሕሊና ስፌቷን አወቀቻት። አባቷ ላቀው ባትሪ ተሸክሞ አሲዱ ጋቢውን ሲበላው፣ ሌላ ክር ከቤት ታጥቶ እናቷ በጆንያ ክር ስትሰፋው አጠገቧ ነበረች። ከዚያ ጋቢው ጠፋ። እሷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው የጠፋው፤ አሁን ዳባት ላይ የሰው ልጆች ታስተምራለች።

ሽማግሌው ሳህኑ ሲወድቅ አይቷል።  ከእግሩ ሥር አንዲት ሽምብራ አንስቶ፣ እፍ ብሎ ጎረሳትና ቀና አለ። ከዚያ የሕሊናን ታናሽ ወንድም፣ ሚናስን፣ አየው። እያላመጠ አየው፣ ውጦም አየው።

ጎረቤታቸው ሰብሌ ወሬ የማያልፋት ሴት ናት። ሕሊናን በክንዷ ጎትታ ጓዳ አስገባቻት።

"አላወቅሽውም? አለነ ነው እኮ! የጃናሞራው፣ የገዱ ወንድም።"

"የገዱ?"

"ያች ጋቢ የገዱ ሬሳ ላይ የተገኘች ናት። ከአገሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር በጥይት ተመትቶ ሲገኝ እሷን ነበር የለበሰ። ገዳዩ ነው ያለበሰው ይላል አለነ። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ለቅሶ አያመልጠውም። ለብሷት ይመጣና ይቀመጣል፤ ማን እንደሚያውቃት ሊያይ። ዳባት ስንት ለቅሶ ላይ አይቸዋለሁ መሰለሽ! የወንድሜን ገዳይ ሳላውቅ አላዘቀዝቅም፣ ለቅሶም አልቀመጥም ብሎ ምሏል አሉ።" ሰብሌ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሳህን ሲወድቅ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው፣ እኅቴ።"

ሕሊና የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩን ደባርቅ ሁሉ ያውቀዋል። ላቀው በአሮጌ ላንድሮቨር ከደባርቅ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ድረስ ሰው ይጭን ነበር። አንድ የገበያ ቀን ገዱን ቦታ የለም ብሎ ጥሎት ሊሄድ ሲል ገዱ በሕዝብ ፊት ሰደበው፤ እናቱን ጨምሮ ሰደበው። ላቀው ቁጡ ሰው ነበር። "ሁለተኛ እኔ መኪና ላይ ብትወጣ በሕይወት አትወርድም!" አለው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሳምንት ሳይሞላ ገዱ ሬሳው ተገኘ። ሽማግሎች ላቀውን ጠርተው ጠየቁት፤ ላቀውም ማርያም ደጅ ቆሞ፣ "ገዱን አልጫንሁም፣ ዓይኑንም አላየሁም" ብሎ ማለ። መሐላ ነውና ተቀበሉት። መሐላ የተቀበለ ሰው ዝም ይላል እንጂ አይረሳም። ጃናሞራ ላይ ደግሞ ገዳዩ ከሞተ ደሙ የሚጠየቀው ከልጁ ነው፤ ላቀው ያለው ወንድ ልጅ አንድ ነው።

ሕሊና ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ያን ሰሞን አንድ ማለዳ አባቷ በዚያ ውርጭ ያለ ጋቢ መጣ። ይንቀጠቀጣል። ደኅና አደርሽ እንኳ ሳይላት ውኃ በባልዲ እየቀዳ የመኪናዋን ወለል አጠበ። ከበሩ የሚወርደው ውኃ ቡናማ ነበር። "በግ አርደው ጭነውብኝ ነው" አላት ሳትጠይቀው። በማግስቱ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት ከሄዱት በርሜል ካትራም አመጣ፤ በጣሳ አቅልጦ ወለሉ ላይ አፈሰሰው፣ ጆንያ አነጠፈበት፣ እንደገና አፈሰሰበት። እሳቱን የምትቆሰቁስለት እሷ ነበረች።

"ምን ያደርጋል፣ አባባ?"

"ድምፅ ይውጣል። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፤ ውርጭ ሲመታው ነው የሚሰነጠቅ። ጠዋት ጠዋት ማንም እንዳይረግጠው።"

ያች ላንድሮቨር በፊት ከቡይት ራስ አፋፍ ወደ ደባርቅ ስትወርድ ወለሏ ሲንኳኳ ቤታቸው ድረስ ይሰማ ነበር። እናቷ ድምፁን ሰምታ ወጥ ትጥዳለች። ከካትራሙ በኋላ መኪናዋ ሹልክ ብላ ደጅ የምትቆም ሆነች። ከተማው፣ "የላቀው መኪና ንስሐ ገባች" እያለ ቀለደ። ላቀው አልሳቀም። በየዓመቱ ካትራም ይጨምርባታል፤ መካኒክ ወለሉን ልንካ ካለ ይጣላዋል። ሰው በዝምታ ራሱን ያስጠረጥራል ብሎ የነገረው የለም።

ከሰዓት በኋላ አለነ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ተመለሰ። የገዱ ልጆች ናቸው። አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉም አልገቡም።

"ጎንደር ሂድ" አለችው ደብረወርቅ ልጇን፣ ጓዳ ጠርታ። "አሁኑኑ ሂድልኝ።"

"የአባቴን ሣልስት ጥዬ?" አለ ሚናስ። "ይልቅ አባባ ወለሏን አላስነካ ያላትን መኪና ከሊማሊሞ አፋፍ ገደል ልስደዳት። ምን ይዘው ይጠይቁኛል ከዚያ?"

የላቀው የንስሐ አባት፣ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ይኸን ሲል ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉም ቆመው ቀሩ።

"አለነ ልኮኝ ነው። ያን ሰሞን መኪናዋ ለምን ዝም አለች ብሎ ጠይቋል። ወለሉን ልይ ነው የሚል። ነገ ከሣልስቱ በኋላ ይከፈትልኝ ብሏል። ካልሆነ..." ሚናስን አዩና ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ።

"በለቅሶ ቤት መዶሻ!" አለች ደብረወርቅ። "ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!"

ሕሊና ወደ ቄሱ ቀረበች። "አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። አባቴ ነግሮዎታል።"

"የንስሐ ቃል ከእኔ ጋር ነው የሚቀበር፣ ልጄ። አንደበቴን ብትቆርጭው አይወጣም።" በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ። "ብቻ መኪናዋን ገደል አትስደዷት።"

ሕሊና ያን ቃል እየደጋገመች አደረች። ምን ማለታቸው ነው? ይከፈት ማለታቸው ነው? ወይስ ኀጢአት አትጨምሩ? አባቷ በመኪናዋ ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ጠመንጃ ያስቀምጥ ነበር።  የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እሷ ፍርሃቱን ከልጅነቷ ጀምራ ወርሳዋለች። ሲነጋ ቆረጠች። ክፉ ነገር ካለ ከአለነ በፊት እሷ ታየዋለች፤ ሚናስም የሚሸሽበት ጊዜ ያገኛል።

ለሣልስቱ ፍትሐት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አሞኛል ብላ ቀረች። መዶሻና መሮ ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። የመኪናዋን በር ስትከፍት የአባቷ ሽታ፣ ናፍጣና ትንባሆ፣ ፊቷን መታት። አለቀሰች። አሁን የማለቅሰው ለአባቴ ነው ወይስ ለወንድሜ አለች በልቧ፤ ለይታ አላወቀችውም።

ድምፅ እንዳይወጣ የመዶሻውን ራስ በጨርቅ ጠቀለለችው። መሮውን ከጋቢናው ወንበር ፊት ተክላ መታችው። ድም አለ፤ ትራስ የመታች ያህል ነው። አባቷ እንዳለው ውርጩ ካትራሙን አድርቆታል፤ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተሰነጠቀ ተነሣላት። ከሥሩ ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር ሌላ ካትራም። ደስ ልትሰኝ ስትል አንድ ያላሰበችው ነገር መጣ። ካትራሙ በተነሣ ቁጥር ወለሉ ድምፁ ተመለሰለት። ድም ይል የነበረው ደንግ አለ፣ ቀጥሎ ጓ! ብሎ ጮኸ። ጨርቁን ብትደርበው፣ ቀስ ብላ ብትመታው ላሜራው ይጮኻል። በዚያ ዝም ባለ ማለዳ የላቀው መኪና መንደሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምጿ ተናገረች።

ሕሊና ማቆም አልቻለችም። ቶሎ ልጨርስ ብላ አጠንክራ መታች። ከወንበሩ እግር አጠገብ አንድ ሰፊ ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ጣት የምታስገባ፣ በካትራም የተደፈነች ክብ ቀዳዳ ታየች።

ጥይት ነው።  እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ተተኩሶበት፣ ጥይቱ ሰውየውን አልፎ ወደ መሬት ወርዶ ቢሆንስ? ቅርፊቱን መልሳ ልትከድነው እጇን ዘረጋች።

"ተይው።"

አለነ በሩ ላይ ቆሟል። ጎረምሶቹ አጥሩን አልፈው ገብተዋል፤ አንደኛው እጁን ከጃኬቱ ውስጥ አድርጓል። ሕሊና መሮውን ደረቷ ላይ ያዘችው። ልጮኽ ብላ አሰበች፤ የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም።

"በእግዚአብሔር፣ ወንድሜ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር" አለች።

"ገለል በይ፣ ልጄ።"

ሽማግሌው ተንበረከከ። መሮውን ከእጇ ወስዶ ካትራሙን ከቀዳዳዋ ፈለፈለና ሌባ ጣቱን አስገባ። ቀስ ብሎ ዙሪያዋን ዳሰሰ። ድንገት እጁን ሳበ፤ ጣቱ ደምቷል። የተቀደደው ላሜራ ጠርዙ ወደ ላይ፣ ወደ መኪናዋ ውስጥ፣ ተቆልምሞ ቆሟል። ላቀው በመዶሻ ሊያስተኛው ሞክሮ አልተኛለትም።

አለነ ወጣ። ውርጩ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። በቀዳዳዋ በኩል የደማ ጣቱ ብቅ ሲል ሕሊና አየችው።

"ከሥር ልስልስ ነው" አለ ከታች። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። "ከታች ነው የገባች። ከመንገዱ በታች፣ ከገደሉ ሥር ሆነው ነው የተኮሱበት።"

የቀረውን ካትራም አብረው አነሡት። እሱ መሮውን ይይዛል፣ እሷ ትመታለች። ሌላም ቀዳዳ ነበረ፣ ከኋላም እንዲሁ፤ የሁሉም ጠርዝ ወደ ላይ ነው። ያን ዓመት መንገዱ ሽፍታ አያጣም ነበር፤ እነ አለነም ይኸን ሳያስቡት አልቀሩም፣ ማመን ነበር ያቃታቸው። ጎረምሳው እጁን ከጃኬቱ አወጣ። የሚያደርግበት ሲያጣ የተሰባበረውን ካትራም ይለቅም ጀመር።

አለነ የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"ጭኖት ነበር እንግዲህ። ተመትቶም አልጣለው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አድርሶ፣ ጋቢውን አልብሶ..." የጋቢውን ስፌት ዳሰሰ። "ታዲያ ለምን ዋሸኝ?"

"ፈርቶ ነው" አለች ሕሊና። "በሕይወት አትወርድም ብሎት ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ማን ያምነኛል ብሎ ነው። አንዴ ከማለ በኋላ ደግሞ በምን አፉ ይመልሰው?"

"እኔን ነው የፈራ?"

"እርስዎን ነው። ዕድሜ ልኩን።"

ሽማግሌው የደማ ጣቱን አየ። "ቢነግረኝስ፣ አምነው ነበር ወይ?" አለ። 

ለቀስተኛው ከፍትሐት ሲመለስ ደብረወርቅ የተከፈተችውን መኪና፣ የተከመረውን ካትራም አይታ፣ "ልጄን!" ብላ ጮኸች። ሚናስ ከኋላዋ ነበር። ሕሊና ሮጣ አቀፈቻት፤ ጆሮዋ ሥር ነገረቻት። አለነ በመሃላቸው አልፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። መግቢያው ላይ ቆመ። ጋቢውን አወለቀ፣ ጥለቷን ፈልጎ ወደ ላይ ገለበጣትና፣ አዘቅዝቆ፣ መልሶ ለበሳት። ምሰሶው ሥር ወዳለው ቦታው አልሄደም። የሟች ቤተሰብ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ያኔ፣ ለወንድሙ ያላወጣው ልቅሶ ከነዕድሜው ወጣ።

ሚናስ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ አጠገቡ ተቀመጠ። ደብረወርቅ መጨረሻ ገባች። የአለነ ትከሻ ሲርገፈገፍ ጋቢው ተንሸራቶ ነበር። ጎንበስ አለችና፣ በጆንያ ክር የሰፋቻትን ጫፍ ይዛ፣ ወደ ትከሻው መለሰችለት።