ለሁሉም ልጆች ምቹ

ልጅቷን ቤተሰቡ በሙሉ «ዳኛዋ» ነበር የሚላት። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ የማትፈርድበት ጉዳይ ግን የለም። ሾርባው ቀጥኗል፣ የጎረቤት ውሻ ጥፋተኛ አይደለም፣ እናቷ ትናንት የተቆጣችው ያለ አግባብ ነው፤ ሁሉንም ዊልቸሯ ላይ ተደላድላ ትበይናለች። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አልታዘዟትም። «አፏ የእግሯንም ሥራ ደርቦ ይሠራል» ይሉ ነበር አያቷ።

አያቷ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያቆሙ፣ ወለል ሲያስተካክሉ ኖረው ጉልበታቸው እንቢ ሲል የግንበኛ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እናቷ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች ከእሑድ በቀር እረፍት የላትም። ስለዚህ ቅዳሜ የአያትና የልጅ ልጅ ቀን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዳኛዋ ገና ቁርሷን ሳትጨርስ፣ «አባባ፣ ዛሬ ዥዋዥዌ ነው የምፈልገው» አለች።

«ከየት አምጥቼ?»

«ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ተጫውተዋል። እኔ ብቻ ነኝ ያልተጫወትኩት። ይሄ ደግሞ ልክ አይደለም።»

አያትየው ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ደግነቱ በዚያው ሳምንት የመብራት ሊከፍሉ የከተማው አስተዳደር ግቢ ሲገቡ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት አይተው ነበር። «ለሁሉም ልጆች ምቹ የሆኑ የመጫወቻ ሜዳዎች» ይላል፤ ሥሩ አምስት ሜዳዎች ከነአድራሻቸው ተዘርዝረዋል፤ ግርጌው ላይ ማኅተም አለበት። ማኅተም ያለበትን ነገር ማመን የለመደባቸው ሰው ናቸውና የቅርቦቹን የሦስቱን አድራሻ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ገልብጠው ኪሳቸው ከትተውት ነበር።

«ተነሺ» አሏት፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። እሷ ግን ሳቀች። «አንተ ግፋኝ እንጂ እኔስ ተነስቻለሁ።»

የመጀመሪያው ሜዳ ከገበያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ እውነትም ተዳፋት መወጣጫ ተሠርቶለታል። አያትየው ዊልቸሩን እየገፉ ሽቅብ ወጡ፤ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ሥራውን እየለካ ነበር። «ይሄ ለሰው ነው ለፍየል?» አሉ እያለከለኩ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ ተብሎ መሃል ለመሃል ሁለት የብረት ቋሚ ተተክሏል። ዊልቸሩን በቀጥታ ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፤ ክፍተቱ በአራት ጣት ያህል ይጠበዋል። ከቋሚዎቹ ወዲያ ልጆች ሸርተቴው ላይ እየተንጫጩ ይወርዳሉ።

«ቋሚውን ማን ተከለው?» አለች ዳኛዋ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«እሱ ጥፋተኛ ነው።»

ሁለተኛው ሜዳ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ይኼኛው በሩ ሰፊ፣ መግቢያው ለጥ ያለ ነው። አያትየው ደስ ብሏቸው በፍጥነት ገፉ፤ ሁለት ሜትር ሳይሄዱ ዊልቸሩ ቀጥ አለ። ልጆች ሲወድቁ እንዳይጎዱ ተብሎ ሜዳው በሙሉ አሸዋ ተደፍቶበታል። የፊት ጎማዎቹ ተቀበሩ። ገፉ፤ ይባስ ሰመጠ። ወደ ኋላ ለመሳብ ሲታገሉ ጫማቸው እዚያው ቀረ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «እኔን! እኔን!» እያሉ መጥተው ልጅቷን ከነወንበሯ ተሸክመው አስፋልቱ ላይ አስቀመጧት። ለሰው ደግነት ምስጋና ይገባል፤ ዳኛዋ ግን እንደ ዕቃ መነሳት አትወድም። ፊቷን አዞረች። የዞረው ፊቷ አያትየውን ከአሸዋው የበለጠ አደከማቸው።

«እንመለስ?» አሏት።

«አንድ ቀርቷል አላልክም?»

ሦስተኛው ዘንድ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጥላ ያለው ደስ የሚል ሜዳ ነው፤ አጥሩ ዝቅ ያለ፣ መሬቱ የተደለደለና ጠንካራ። ዥዋዥዌዎቹ ከበሩ ይታያሉ። በበሩና በመንገዱ መካከል ግን ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ።

አያትየው ደረጃዎቹን ሲያዩ ክው አሉ። የድንጋዩን አጠራረብ፣ ጠርዙ ላይ የተተወችውን ጣት የምታክል ክፈፍ ያውቋታል። የራሳቸው እጅ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ይህ ሜዳ ሲሠራ፣ ከድሮ ረዳታቸው ጋር ሆነው የገነቧቸው ደረጃዎች ናቸው። አካባቢው በፎቅ ስለተሞላ ከሩቅ አልለዩትም ነበር።

ሌላም ነገር ትዝ አላቸው። ንድፉ ላይ ከደረጃው ጎን አንድ ተዳፋት መወጣጫ ተሥሎ ነበር። ፎርማኑ የምርቃቱ ቀን ደረሰ ብሎ፣ «ይሄን ተዉት፣ ማን ይሄድበታል?» አለ። እሳቸውም፣ እውነት ነው ማን ይሄድበታል ብለው ተዉት። አልተከራከሩም። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«አባባ፣ ለምን ቆምክ?»

«ደረጃ ነው።»

«አየሁት። ማን ሠራው?»

ሽማግሌው ክፈፏን በጫማቸው ጫፍ ነኩ። መዋሸት ይችሉ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ።

ዳኛዋ ቀና ብላ አየቻቸው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈርድ ቀረች።

ሰኞ ጠዋት አያትየው አስተዳደሩ ዘንድ ሄዱ። የመናፈሻ ክፍል ኃላፊው ሸሚዙን የተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ የተተኮሰ ጎልማሳ ነው።

«አባቴ፣ ዝርዝሩ የወጣው በጥናት ነው» አለ።

«ሜዳዎቹን ሄዳችሁ አይታችኋል?»

«ቅጽ ልከን፣ ተሞልቶ መጥቶልናል።»

«ማን ሞላው?»

«የየሜዳው አስተባባሪ።»

«አስተባባሪው ዊልቸር ገፍቶ ያውቃል?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ደብዳቤ ያስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እናየዋለን።»

«በሚቀጥለው ዓመት እኮ የልጅ ልጄ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጅ እኮ እስኪታቀድላት አትጠብቅም!»

«ደብዳቤ ያስገቡ፣ አባቴ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሽማግሌው ከዚያ ወጥተው በቀጥታ የሄዱት የድሮ ረዳታቸው ቤት ነው። ድሮ ባልዲ ከእጁ ስለማይለይ «ባልዲ» ይሉታል፤ አሁን ራሱ የልጅ ልጅ ያየ፣ ጥርሱ የሳሳ ሰውዬ ነው። ነገሩን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«እኔም እዚያ ነበርኩ» አለ። «ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ አይደለሁ?»

በቀጣዩ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ሲሚንቶና አሸዋ በጋሪ አስጭነው ሜዳው ዘንድ ደረሱ። ዘበኛው መጀመሪያ ከለከላቸው፤ ነገሩን ሲነግሩት ራሱን አከከ። «እኔ ምሳ ልበላ ነው የምሄደው» አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳ ሲበላ ዋለ። ከፍታው ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም ልጅቷ ያለ ሰው እርዳታ እንድትወጣው አምስት ሜትር ተኩል አስረዘሙት። አያትየው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲያስተካክሉ ወገባቸው ሲንቋቋ ባልዲ ሰምቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ አንተንም ልስን ሳያስፈልግህ አይቀርም።»

ሲሚንቶው ሳምንት ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ሲጠነክር ዳኛዋን አመጧት። ጎማዋን በገዛ እጇ እየገፋች ወጣች። መሃል ላይ አረፈች፣ እንደገና ገፋች፣ በሩን አለፈች። ባልዲ አጨበጨበ። አያትየው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ከዚያስ?

ዥዋዥዌዎቹ ጠፍጣፋ ጣውላ ናቸው፤ መደገፊያ የላቸውም፣ መታጠቂያ የላቸውም። ወገቧ ብቻውን አያቆማትም። ሸርተቴው ስምንት ደረጃ ያለው የብረት መሰላል አለው። ሽክርክሪቱ ላይ ለመውጣት መቆም ያስፈልጋል። ዳኛዋ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። ከዚያ ከዥዋዥዌው ራቅ ብላ ዊልቸሯን አቁማ ሌሎቹ ሲጫወቱ ማየት ጀመረች። ከአጥር ውጭ ስታይ የነበረውን አሁን ከአጥር ውስጥ ታያለች። አንዲት ልጅ መጥታ «አንቺስ?» አለቻት። «እኔ እያየሁ ነው» ብላ መለሰች፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም።

አያትየው ደማቸው ፈላ። በማን ላይ እንደሚናደዱ ግን አላወቁም። ሲሚንቶ እንጂ ዥዋዥዌ አያውቁም። ደረጃውን ብቻ ሲያስቡ ከርመው ከደረጃው ወዲያ ያለውን አንድ ቀን እንኳ አለማሰባቸው አንገበገባቸው።

በሳምንቱ አስተዳደሩ ዘንድ ጠሯቸው። ያለ ፈቃድ ግንባታ አካሂደዋል ተብለው ወረቀት ላይ አስፈረሟቸው፤ ዘበኛውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። ከግቢው ሲወጡ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ዝርዝሩ ያው ነው፤ ከሦስተኛው ሜዳ ስም አጠገብ ግን «በዚህ ዓመት አዲስ መወጣጫ የተሠራለት» የሚል ተጨምሮበታል። ሽማግሌው ሁለቴ አነበቡት። ሊስቁም ሊያለቅሱም አልቻሉም።

ማታ ለልጃቸው፣ ለዳኛዋ እናት፣ ነገሯት። እሷ የምትናገረው ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመምና የሰው መልስ ስትቆጥር ስለምትውል ቤት ስትገባ ቃል አይተርፋትም። ያን ቀን ግን ሰሃኑን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ እሑድ እኔም እመጣለሁ» አለች።

እሑድ ሜዳው ሲደርሱ ማንንም ሳታማክር ዥዋዥዌው ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሻርፗ ከራሷ ጋር አሰረቻት፤ በእግሯ መሬቱን ገፋች። ዳኛዋ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ «ጨምሪ! ጨምሪ!» አለች። አምስት ስድስት ጊዜ እንደተወዛወዙ ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ ሮጦ መጣ።

«ለአዋቂ ክልክል ነው! ውረጂ!»

«ብቻዋን ልስቀላት?»

«እህቴ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። ደብዳቤው የሚጻፈው ለእኔ ነው። አንድ ከተጨመረብኝ ከሥራ ነው የምወጣው። ልጆች አሉኝ።»

እናትየው ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሰውየውን ፊት አይታ ዘጋችው። እግሯን መሬት ላይ ጎተተች፤ ዥዋዥዌው ቆመ። ሻርፑን ፈታች። ዳኛዋ ሻርፑን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችም።

በማግስቱ እናትየው የመድኃኒት ቤቱን ደንበኞች አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመረች። ማን ለየትኛው ልጅ ምን መድኃኒት እንደሚገዛ ታውቃለች። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እያለች ሦስት እናቶችና አንድ አባት አሰባሰበች፤ የአንዷ ልጅ ዓይኑ አያይም፣ የሌላዋ ሴት ልጅ ጫጫታ ያስደነግጣታል። ሐሙስ ተሰብስበው ኃላፊው ዘንድ ሊሄዱ ተስማሙ።

«እኔም እመጣለሁ» አለች ዳኛዋ። «ጉዳዩ የእኔ ነው።»

አያትና እናት ተያዩ። «አትችዪም፣ የኔ እናት» አሉ አያትየው ቀስ ብለው። «ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም።»

ልጅቷ ጎማዋን ወደ እነሱ አዞረች። «እንግዲያው እሱ ይውረዳ።»

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ልጆቻቸውን ይዘው ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። አያትየው ወደ ላይ መልእክት ላኩ። ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ቆዩ። ምሳ ሰዓት ደርሷል ተባለ። ቆዩ። ጫጫታ የሚያስደነግጣት ልጅ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች፤ አንዱ ሠራተኛ እዚህ መቀመጥ አይቻልም አላቸው፤ «የት ነው የሚቻለው?» አለችው ዳኛዋ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ኃላፊው ደረጃውን ወረደ። እጁን ለሽማግሌው ዘረጋ፤ ፊቱ ላይ ያው የተተኮሰ ፈገግታ ነበር። ዓይኑ አምስቱ ልጆች ላይ ሲያርፍ ግን ትንሽ ተጨማደደ።

«እሺ፣ አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?»

«እኔን አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «እሷን ጠይቃት።»

ኃላፊው ተጎንብሶ ጠየቃት። ዳኛዋ ከመጀመሪያው ሜዳ ቋሚ ጀመረች፤ ወደ አሸዋው ሄደች፤ የሰመጠችበትን፣ ሴቶቹ የተሸከሟትን፣ የዥዋዥዌውን ጣውላ፣ ፊሽካውን፣ ሁሉንም በተራ ነገረችው። መሃል ላይ ስትደርስ አቋረጠችና፣ «ለምን አትጽፍም?» አለችው።

ሰውየው ኪሱን ዳበሰ። ብዕር ይዟል፤ ወረቀት ግን አልያዘም። «አንድ ደቂቃ» ብሎ ሽቅብ ወጣ።

እነሱም ተቀምጠው ጠበቁት።