ቀድሞን የሄደ ዱካ

ባለፈው ካቆምንበት ልንቀጥል ጥር ላይ ስንመለስ፣ የየሺመቤትና የስመኝ ዱካ ያለ እነሱ ሄዷል። የእኔ እዚያው ቆሟል።

ሦስታችንም ባሕር ዳር አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። የጣናን ዳር ዳር ይዘን፣ ዕረፍት ባገኘን ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሄድን ጎርጎራ ልንገባ ተስማምተናል። አንድ ልማድ አለን፤ ያቆምንበት ቦታ ላይ ጫማችንን አውልቀን ጭቃው ላይ ጎን ለጎን እንቆማለን። በሚቀጥለው የምንነሳው ያንኑ ዱካ ረግጠን ነው። ባለፈው ከቁንዝላ አለፍ ብለን ስናቆም እግሬ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር አላወለቅኩም። ስለዚህ የእኔ የቆመው የጫማ ዱካ ነው።

የሁለቱ ዱካ ጎን ለጎን ሆኖ ወደ ደልጊ ይሄዳል። የስመኝን መለየት አያስቸግርም፤ ትንሿ ጣቷ መሬት ስለማትነካ ዱካዋ ባለ አራት ጣት ነው።

«ምን አስቸኮላቸው?» አለች የሺመቤት።

«እኛን መጠበቅ ሰልችቷቸው ይሆናላ!» አለች ስመኝ። ተሳሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የሺመቤትን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ስመኝን ወደዚህ መንገድ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

አንድ ሽማግሌ መረባቸውን ያሰጣሉ።

«አባባ፣ በዚህ ያለፈ አለ?» አልኳቸው።

«ትናንት ሁለት ዱካ አልፏል። አብረው ሲሄዱ ደስ ይላሉ።»

«ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛም ነበራቸው እንዴ?»

ፊቴን ልታጠብ ብዬ ቀደም አልኩና፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ፊት ለፊት እስካለው ዋርካ ድረስ የስመኝን ዱካ አንድ በአንድ በመዳፌ ዳብሼ አጠፋሁት። ከዋርካው ወዲያ፣ እጄ ባልነካው ላይ እንኳ፣ የሚታየው የየሺመቤት ብቻ ሆነ።

ቀና ስል የሺመቤት ብቻዋን ትመጣለች።

«ሌላዋስ?» አልኳት።

«የቷ ሌላ? ሁለት ሆነን አይደል የመጣነው?»

ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ክንዴን ይዛኝ ሄደች፤ ብርቱካኗንም ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ። የአንደኛ ክፍልን ነገር ሳነሳባት ግን እንደ አዲስ ወሬ ታዳምጠኝ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ደልጊ አጠገብ አቆምን። ጫማችንን አውልቀን ጭቃው ላይ ቆምን። ስወጣ የረገጥኩትን አየሁት። ጣቶቹን ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው።

«በይ ስመኝ፣ መኪናው ሳያመልጠን» አለችኝ የሺመቤት።

ወደ ኋላ ዞርኩ። በውሃው ዳር ያ ቆሞ የቀረው የጫማ ዱካዬ ብቻውን እየታተመ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ማንም የለም። በየእርምጃው ቆም ይላል። በቆመ ቁጥር ከጎኑ ያለው፣ ዛሬ የረገጥኩት ዱካ፣ መዳፍ እንደዳበሰው ለስልሶ ይጠፋል።