የበርሜሉ ሰውዬ

«ኧረ አጎቴ፣ በእግዜር! ያንን ነገር ከሬሳ ሳጥኑ ላይ አንሱልኝ!»

ኔኒታ ለለቀስተኛ የያዘችውን ቡና አስቀምጣ ሮጠች። አጎቷ ታያባን የሚጫወቱትን ካርታ ትተው፣ የአባቷ ፊት ከሚታይበት የሳጥኑ መስታወት ላይ ትንሽዬ የእንጨት ሰውዬ አቁመዋል። ሰውዬው በርሜል ውስጥ ገብቶ ከደረቱ በላይ ብቻ ይታያል፤ ሲያዩት ምስኪን ነው። በርሜሉን ብድግ ሲያደርጉት ግን ያ ስሙ የማይጠራው ነገር በሽቦ ተስፈንጥሮ ወጣ። ለቀስተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምን አጠፋሁ? አባትሽ ይሄንን እየቀረጸ ለቱሪስት ሸጦ አይደል ያሳደገሽ?» አሉ ታያባን።

ነጠቀቻቸውና መኝታ ቤት ገብታ፣ ከአልጋው ስር ያለው ጆንያ ውስጥ ወረወረችው። ከጠዋት ጀምሮ ስትደብቅ ነው የዋለችው፤ እሷ አንዱን ስትደብቅ ጎረቤት ሌላ ይዞ ይመጣል። ሬሳ ባለበት ቤት አይጠረግምና የአባቷ ሰጋቱራ እንኳ ጥቁር ቀሚሷ ላይ እየተለጠፈ አቃጠላት። ሰው ሁሉ እየሳቀ እንዴት ታልቅስ? እስካሁን አንዲት እንባ አልወጣትም።

ዛሬ ደግሞ ሲስተር ኮርዱላ ይመጣሉ። የምታስተምርበት የመነኮሳት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። ስትቀጠር ያባቷን ሥራ ቢጠይቋት «የቅዱሳንን ምስል ይቀርጻል» ብላቸው ነበር።

ልጅ ሳለች ባጊዮ ከተማ ትምህርት ቤት ልጆቹ «የበርሜሉ ልጅ!» እያሉ ያባርሯት ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች ገብታ ቦርሳዋን ወረወረች። «ቢያንስ ሱሪ አልብሰው!»

አባቷ የሚቀርጽበትን ቢላዋ አቆመ። «ሱሪ ከለበሰ ማን ይገዛዋል፣ ልጄ? ቱሪስቱ ሱሪ የለበሰ ሰው ባገሩ ሞልቶታል።»

ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ በዚሁ ነገር ሲነታረኩ ኖሩ።

ሲስተር ኮርዱላ ገቡ፣ አማተቡ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። «እስቲ ኔኒታ፣ አባትሽ ከቀረጿቸው ቅዱሳን አንዱን አሳዪኝ።»

ታያባን ካርታቸው ላይ አቀረቀሩ። እናቷ ግን ከጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ።

«እንቺ፣ ያንቺ ነው። ሳሉ እያጣደፈው የሠራው የመጨረሻው ነው። ለኔኒታ ስጫት ብሎኛል።»

ምናልባት ቅዱስ ይሆን? ጨርቁን ፈታች። በርሜል! ፊቷ ነደደ። አይ አባዬ፣ ለዛሬ እንኳ! በንዴት በርሜሉን ብድግ አደረገችው።

ሰውዬው ሱሪ ለብሷል። ሰማያዊ ሱሪ፣ ከልጅነት የትምህርት ቤት ጉርዷ የተቆረጠ፣ እንጨት እንጂ መርፌ ይዞ በማያውቅ እጅ የተሰፋ። የኔኒታ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ሲስተር አንገታቸውን አስግገው «የትኛው ቅዱስ ነው?» አሉ።

እንዲያዩት ብላ በርሜሉን ይበልጥ ከፍ አደረገችው። ለካ ከሱሪው ተነስቶ በሰውዬው እግር ስር ዞሮ በርሜሉ ላይ የታሰረ ክር አለ! ሱሪው ሸርተት ብሎ ወረደና ያ ነገር ከሲስተር አፍንጫ ስር ተስፈነጠረ።

«ማርያም!» አሉ ሲስተር።

መጀመሪያ የሳቀችው ኔኒታ ራሷ ነበረች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፣ ሳቁም ልቅሶ ሆነባት። «ቅዱስ አይደለም፣ ሲስተር» አለች። «አባቴ ቅዱስ ሠርቶ አያውቅም። የሠራው ይሄንን ነው።»

ከዚያ ትንሿን ሱሪ በሁለት ጣቶቿ ሳብ አድርጋ አስታጠቀችው፣ በርሜሉን ቀስ ብላ መለሰችለት፣ ከአባቷ ፊት በላይ መስታወቱ ላይ አቆመችው።