ደህናው ጉልበት

ሊላንድ ብሩሳርድ ውሸቱን የጀመረው ባላጋራን ለማታለል ነበር። በዚያ በሰባዎቹ ዓመታት ይህን የማያደርግ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች አልነበረም። የታመመውን ጉልበት ገልጦ ደህናውን በፋሻ ይጠቀልላል፤ ባላጋራውም ፋሻውን አይቶ ደህናውን ሲደበድብ ይውላል። የሊላንድ ግራ ጉልበት አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንቋቋል፤ ፋሻው ግን ቀኙ ላይ ነው።

ስህተቱ ያንኑ ውሸት ለገዛ ቡድኑ መድገሙ ነው። አሰልጣኝ ስቶቫል የጨዋታውን ፊልም ሲያይ ማነከሱን ደረሰበት።

«የትኛው ነው?» አለው።

«ቀኙ።»

የቡድኑ ሐኪም ቀኙን ጨበጠ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። ምን ያገኛል? «ትንሽ ግጭት ነው» ብሎ ለቀቀው። ሊላንድ በብልጠቱ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ወጣ።

ግራውን ቢያሳይ ኖሮ በማግስቱ ሻንጣውን በሸከፈ ነበር። በቶሊዶ ቡድን የተጎዳ ሰው እንደ ተላላፊ በሽተኛ ነው፤ ምሳ ላይ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ሌላ ቡድን ልሂድ እንዳይል ደግሞ የያዘው ቡድን ካልለቀቀው የትም አይሄድም። የሚለቁት እግሩ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ይፈልገዋል?

በዚያው ሳምንት የእሑዱን ጨዋታ መጽሔት የሚያዘጋጀው ሚስተር ፕሩዊት ታሪኩን ሊጽፍለት ቤቱ መጣ። ሚስቱ ቨርዴል ቀይ ባቄላ በሩዝ አቀረበችለት።

«በዘጠኝ ዓመት አንድም ጨዋታ አላመለጠህም» አለ ፕሩዊት አፉን እየጠረገ። «ምስጢሩ ምንድን ነው?»

«የሚስቴ ባቄላ!»

«ባቄላዬን ተወው» አለች ቨርዴል ከምድጃው ሳትዞር። «ግትርነት ነው ብለህ ጻፍ፣ ሚስተር ፕሩዊት። ደረጃ የሚወርደው እኮ በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው።»

የሰውየው እርሳስ ቆመ። ሊላንድ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለራሱም ጆሮ አልጣመውም።

«ቀልደኛ ናት። የሉዊዚያና ሴቶችን አታውቃቸውም?»

እንግዳው እንደወጣ ቨርዴል ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች።

«እስከ መቼ ነው የምትዋሸው?»

«ምን ልሁን ታዲያ? ከሸንኮራ አገዳ ማሳ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«አገዳ የሚቆርጥ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የሚቆርጠው።»



እሑድ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዱ መጽሔቱን ጮክ ብሎ አነበበ። «ስሙማ! ‹የማይነቃነቀው ብሩሳርድ› ይላል!»

«ሶፋው ላይ ነዋ የማይነቃነቀው!» አለ ሌላው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ስቶቫል አልሳቀም። «ዛሬ እንዲያነክስብኝ አልፈልግም» አለው ለሐኪሙ። «ያቺን ጉልበት ማደንዘዣ ውጋልኝ።»

ሐኪሙ የቀኙን ፋሻ መፍታት ጀመረ። ሊላንድ አፉን ከፈተ። አሰልጣኙ ራስጌው ላይ ቆሟል። «እሱ አይደለም» ቢል ስታታልለን ከረምክ ሊሉት ነው።

«እዚህ ጋ ነው የሚያምህ?»

«አዎ... እዚያው ጋ።»

መርፌው ደህናው ሥጋ ውስጥ ገባ።

ሜዳ ሲወጣ ቀኙ ግንድ ሆኗል፤ ግራው እሳት ነው። የእሱ ሥራ የቡድኑን ኳስ ወርዋሪ ከሚመጡበት ባላጋራዎች በገላው መከለል ነው፤ ሮጦ ማምለጥ የለ፣ መሸሸጊያ የለ። ፊት ለፊቱ የቆመው ግዙፍ ሰውዬ ገና ሲያየው ጥርሱን አገጠጠ።

«አባባ፣ ፋሻህ ያምራል! ማን ጠቀለለልህ?»

ከዚያ በኋላ ኳስ በተጀመረ ቁጥር ቀኙ ላይ ይከመርበታል። ሊላንድ ምንም አይሰማው። መጀመሪያማ ጅሉን ሰውዬ እያየ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ለእረፍት ጥቂት ሲቀር ግን ከተከመሩበት ሰዎች ሥር ተነስቶ ሊቆም ቢል ቀኙ እምቢ አለው። ቁልቁል ቢያይ ጉልበቱ የራስ ቁር አክሎ ፋሻውን ሊበጥስ ደርሷል።

ጓደኞቹ ደግፈው አስገቡት። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡት ቃሉ ከአፉ አመለጠ።

«ዶክተር፣ የታመመው ግራዬ ነበር። ይሄኛው ደህና ነበር። ዋሽቻችሁ ነው።»

ሊላንድ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ይሰድቡኛል፣ ልብስህን አውልቀህ ውጣ ይሉኛል አለ በልቡ። ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሳው ነገር አሁን እንደ ተነጠፈ አልጋ ታየው። ይባረር፤ ብቻ ይተኛ።

ስቶቫል የግድግዳውን ሰዓት አየ።

«ውጤቱ እኩል ነው» አለ። «ተተኪህ ትከሻው ወልቆ ያው እዚያ ተጋድሟል። የውሸትህን ነገር ሰኞ ቢሮዬ እንነጋገራለን። መለያህን ለማስረከብ ይዘህ ና።» ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ሁለቱንም ውጋው።»

«ኮች፣ ቀኙ አልቋል እኮ! እስቲ ይዩት!» አለ ሊላንድ።

«አየሁት።»

«ዶክተር፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ!»

ሐኪሙ ቀና አላለም። መድኃኒቱን እየሳበ ነበር።

«ዝም በል ልጄ» አለ። «አትንቀሳቀስ፣ መርፌው ይሰበራል።»

ወደ ሜዳው በሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ ሌሎቹ እየሮጡ አለፉት። ጫማው ሲሚንቶውን ሲመታ ድምፁን ይሰማል፤ ሲሚንቶውን ግን እግሩ አያውቀውም። የት እንደረገጠ ለማየት አንገቱን ደፍቶ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን እየደገፈ፣ ወደ ጩኸቱ ወጣ።