ከድልድዩ ሥር የቀረው መኪና

ታናሴ ከጣሊያን ድረስ የነዳው፣ አልጋና ምድጃ ያለው ትልቅ መኪና፣ የሴት ልጁ ሠርግ ቤት ለመድረስ አንድ ኮረብታ ሲቀረው ከባቡር ድልድይ ሥር ገብቶ ጣሪያው ተቀረቀረ።

“ቁመቱን እይ አላልኩህም?” አለች ሚስቱ ሳፍታ። “ዓይን የተሰጠህ ለጌጥ ነው?”

“ተይኝ እባክሽ!”

እሱን የጨነቀው የጣሪያው ነገር አልነበረም። በአገራቸው ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ወንበር ላይ በተቀመጡት ወላጆቿ ፊት ትራስ ላይ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች። ታናሴ ግን ልጁን ኢሊንካን በሰባት ዓመቷ ለወንድሙ ትቶ፣ ከሚስቱ ጋር እንጀራ ፍለጋ የተሰደደ አባት ነው። ስለዚህ እሷ ስትንበረከክ እሱም ከወንበሩ ወርዶ “አንቺ ይቅር በይኝ” ሊላት፣ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲያጠና ነበር የመጣው።

መኪናውን እዚያው ትተው በበቆሎው መሃል ሮጡ። ኮረብታው ወገብ ላይ ሳሉ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሙሽሮቹን ሲጠራ ሰሙ።

ግቢው ሲደርሱ ወንድሙ ኮስታኬና ሚስቱ ከሁለቱ ወንበሮች እየተነሱ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ኢሊንካ ቀሚሷን ታራግፋለች።

“ልጄ፣ እኔ እኮ...” አለ ታናሴ ወደ እሷ ቀረብ ብሎ።

“ደከመዎት አይደል?” አለችው፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሁሉ በትሕትና። “ምንም አያስቡ፤ አባዬና እማዬ ተቀምጠውልኛል። ኧረ ወንበር ስጧቸው፣ ይረፉ!”

ወንበር አመጡለት፤ ተቀመጠ። አንዲት ጎረቤት ትራሱን አንስታ አቧራውን አራገፈችና ወደ ቤት አስገባችው፤ ሙሽራይቱም በኮስታኬ ክንድ ተደግፋ ከደጁ ወጣች።